ማንግሮቭ ለሐይቁ፣ የሐይቁ ጭቃ ለችግኙ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ችግኝ የማፈላ ሰው ስለሆንኩ ለእኔም ደረሰኝ። «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄም ተከተለ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ዳርቻ ማንግሮቭ፣ ማለትም በሞቃት አገር ባህር ዳር ጭቃ ላይ የሚበቅለው ዛፍ፣ ይተከል። ሲያድግ እንደ ኬንያና እንደ ኢንዶኔዥያ የእንጨት መተላለፊያ ይሠራበትና ቱሪስት ይመላለስበት። ደኑ ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈል የካርቦን ገንዘብም ይመጣል። ከሐይቁ ዳር የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ደግሞ ከሰጋቱራና ከከሰል ድቃቂ ጋር ተደባልቆ ለወሎ ችግኝ ጣቢያዎች ሁሉ አፈር ይሁን። ችግኛችን የሚሞተው አፈሩ ደካማ ስለሆነ ነውና፣ የሞቃት አገር የዛፍ እርሻዎች የደረሱበትን የአፈር ማሻሻያ እንዳለ እንውሰድ። ባህር ዛፍም ይቅር።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለአገር ማሰባቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሐይቁ ዳር መራቆቱን ማንሳታቸው ልክ ነው። በየክረምቱ ከምንተክለው ብዙው በበጋ እንደሚደርቅ መናገራቸውም ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለው ግን አልስማማም። በተራ በተራ ልሂድ። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ። አፈሩ ጋ ስደርስ ትንሽ ታገሱኝ፤ እንጀራዬ ነው።

«ማንግሮቭ ጨው ያለውንም የሌለውንም ውሃ ስለሚችል ሐይቁ ይስማማዋል»

መጀመሪያው እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ማንግሮቭ ጨው በሌለው ውሃም መኖር ይችላል። ግን መኖር ሌላ፣ ደን መሆን ሌላ።

የማንግሮቭ ቤቱ የባህር ዳር ነው። እዚያ ውሃው በየቀኑ ይሞላል፣ ይሸሻል። ሲሸሽ፣ ከጭቃው ውስጥ እንደ እርሳስ ቀጥ ብለው የወጡት መተንፈሻ ሥሮች አየር ያገኛሉ። ሲሞላ ደግሞ ውሃው ዘሩን ይዞለት ይሄዳል። የብዙዎቹ ዝርያዎች ዘር ገና እናቱ ላይ እንዳለ ነው ማቆጥቆጥ የሚጀምረው፤ ወድቆ ይንሳፈፍና ጭቃ ያገኘበት ላይ ይተከላል። ጨዉም ውለታ ይውልለታል። ሌላው ተክል ጨዉን ስለማይችል ቦታውን ለማንግሮቭ ይለቅለታል። ጨው በሌለበት ቦታ ፊላና ቄጠማ ይቀድሙታል።

የእኛ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይሆናል። ውሃው ጨው አልባ ነው። ከፍና ዝቅ የሚለውም በክረምትና በበጋ እንጂ በጠዋትና በማታ አይደለም። ፊላውና ቄጠማው ደግሞ እዚያው አሉ። ማንም አልተከላቸውም።

ጸሐፊው ሜክሲኮን ይጠቅሳሉ። ከባህር 170 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሳን ፔድሮ ወንዝ ዳር ማንግሮቭ አለ ይላሉ። አለ። ግን ቦታው ከባህር ወለል አሥር ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት እንደሚለው ደግሞ ዛፎቹን ሰው አልተከላቸውም። የዛሬ 120,000 ዓመት ገደማ ባህሩ እዚያ ድረስ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ የቀሩ ናቸው። እንግዲህ ይሄ ማስረጃ ለማን ነው የሚመሰክረው?

የኤርትራው ምሳሌ ይሻላል። ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ በሚባል ቦታ፣ ማንግሮቭ ባልነበረበት ደረቅ ዳርቻ ላይ ብዙ ተተክሎ ጸድቋል። «ሕርጊጎ ከቻለች ሐይቅ ለምን አትችልም?» ይላሉ ጸሐፊው።

ሥራውን ያስጀመሩት ጎርደን ሳቶ የተባሉ ጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበሩ። በልጅነታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ማንዛናር በሚባል ካምፕ ታስረዋል፤ ፕሮጀክቱንም በዚያው ስም ጠሩት። ሳቶ አንድ ነገር አስተዋሉ። በዚያ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ከየብስ በሚወርድበት ቦታ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «የጎርፉ ውሃ ጨው ስለሌለው ነው» ይል ነበር። እሳቸው ግን ጎርፉ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ስለሚያመጣ ነው አሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ችግኝ ሥር ቀዳዳ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዩሪያና ዳፕ አድርገው፣ ቁራጭ ብረትም ጨምረው ቀበሩ። ማዳበሪያው በትንሽ በትንሹ ይንጠባጠባል። ችግኙ ያዘ። ቅጠሉን ፍየልና በግ በላው። እ.ኤ.አ. በ2002 የሮሌክስን ሽልማት ያገኙበት ሥራ ይኸው ነው።

እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ግን ሳቶ የማንግሮቩን ቦታ አልቀየሩም። ባህር ዳር የሚበቅለውን ባህር ዳር ተከሉ። የጎደለው ምን እንደሆነ አጣርተው ያንኑ ብቻ ጨመሩ። ጸሐፊው ከዚህ የወሰዱት ዛፉንና ማዳበሪያውን ነው። ጥያቄውን ረሱት።

ደግሞ ቀይ ባህር ክፍት ነው። የእኛ ሐይቅ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዩሪያና ዳፕ በዳርቻው ከቀበርን፣ ችግኙ ያልጠጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አልጌ ይበላዋል። አልጌ ሲበዛና ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከዚያ የሚሞተው ዓሣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው ቆሮሶ ዛሬ የስንቱ ወጣት እንጀራ እንደሆነ የሐይቅ ሰው ያውቃል።

እሺ፣ ይጽደቅ እንበል። ሃዋይ ውስጥ ሞሎካይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1902 ማንግሮቭ ተተከለ። ከሸንኮራ እርሻ የሚወርደውን ደለል እንዲይዝ ነበር። ያዘም። ከዚያ ተስፋፋ፤ ዛሬ ሰዎች ገንዘብ አውጥተው ይነቅሉታል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ ውረዱ። ለአፋር ይጠቅማል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ ግጦሹን ምን እንዳደረገው ከመኪና ሳትወርዱ ታዩታላችሁ።

«በነጥብ አሰጣጡ ሐይቁ 'በጣም ተስማሚ' ሆኖ ተገኝቷል»

ይሄን ሳነብ ሳቅሁ፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ጸሐፊው የተጠቀሙት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለማንግሮቭ ኢኮቱሪዝም (ተፈጥሮን ሳይጎዱ መጎብኘት) በስፋት የሚሠራበትን ሠንጠረዥ ነው። ኢንዶኔዥያ ከዓለም ማንግሮቭ አምስት እጅ አንዱ ያህል ያላት አገር ናት፤ ሠንጠረዡም ለቤቷ የተሰፋ ነው። የማንግሮቩ ስፋት በሜትር፣ በ100 ካሬ ሜትር ውስጥ ያለው የዛፍ ብዛት፣ የዝርያው ብዛት፣ የባህሩ ሙላትና ሽሽት፣ ዓሣውና ወፉ ሁሉ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ተባዝቶ ተደምሮ «ተስማሚ» ወይም «አይስማማም» ይባላል።

የሙላትና የሽሽቱን መስመር ተመልከቱ። ልዩነቱ ከ0 እስከ 1 ሜትር ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ምክንያቱም ውሃው ብዙ ከፍና ዝቅ የማይልበት ቦታ ለጎብኚ ይመቻል። የእኛ ሐይቅ ሙላትና ሽሽት የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ነጥብ! በዚህ ስሌት የደሴ ሰው ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ በርሜልም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በዛፉ ስፋትና ብዛት ረገድ ደግሞ «ወደፊት ሲተከል» ብለው ነው የሞሉት። ገና ባልተተከለ ዛፍ ነጥብ ማግኘት እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት አልነበረም።

ሐይቁ ለኢኮቱሪዝም ይሆናል ወይ ከተባለ፣ አዎ ይሆናል። ግን መመዘኛው ሌላ ነው። መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ጎብኚው ማን ነው? ሽንት ቤት አለ ወይ? ቆሻሻው የት ይሄዳል? ዛሬ ሐይቅ የሚሄደው በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ዓሣ ሊበላ የሚወጣ ሰው ነው። ጽሑፉ ስለዚህ ሰው አንድ መስመር የለውም።

«የእንጨት መተላለፊያው እስከ ገዳሙ ይደርሳል»

የኬንያው ምሳሌ ትክክል ነው። ጋዚ በሚባል የባህር ሰላጤ የመንደሩ ሴቶች በማንግሮቩ መካከል የእንጨት መተላለፊያ አላቸው፤ ጎብኚ ያስከፍላሉ፣ ምግብ ይሸጣሉ። ግን ማንግሮቩ የነበረ ነው። ሴቶቹ የጨመሩት መንገዱን ነው።

ወደ ገዳሙ ስለሚለው ደግሞ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሻይ ቤት በረንዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ የጥንት ብራና ያለበት ቦታ ነው። ሴት አይገባበትም። ታዲያ መተላለፊያውን አገባደው የሄዱ ቤተሰቦች መጨረሻው ላይ ምን ያድርጉ? አባት ይግባ፣ እናትና ልጅ ውሃ ላይ ይቁሙ? ጸሐፊው መነኮሳቱን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይሄ ዓረፍተ ነገር አይጻፍም ነበር።

ለጎብኚ መሄጃ ከተፈለገ የጎፍ ተራራ አለ። ጽዱና ወይራው ገና አልጠፋም፤ ከኮምቦልቻም ከደሴም ቅርብ ነው። ጦሳ ላይ ወጥቶ ደሴን ቁልቁል ማየትም አለ። በአማራ ክልል ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ቤት አለን፤ የመንዝ ጓሳ። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሣሩን መቼ እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚዘጋ እየወሰነ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም ያሉት በዚያ ምክንያት ነው። ኬንያ ከመሄዳችን በፊት መንዝ እንሂድ።

«ማንግሮቭ ከሌላው ደን ብዙ እጥፍ ካርቦን ይይዛል፤ ገንዘብ ነው»

በስፋቱ ሲሰላ ከየብስ የሞቃት አገር ደን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይይዛል፤ እውነት ነው። ጋዚ ላይም ሚኮኮ ፓሞጃ የሚባለው የመንደር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በ117 ሄክታር ማንግሮቭ ካርቦን ይሸጣል። ግን ካርቦኑ በአብዛኛው ያለው በዛፉ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ጭቃ ውስጥ ነው። ያ ጭቃ ደግሞ ከባህር የሚያገኘው ሰልፌት አለው። ሰልፌቱ ሚቴን የሚያመርቱትን ረቂቅ ነፍሳት ያዳክማቸዋል። ጨው አልባ ረግረግ ላይ ይሄ የለም፤ ሚቴን ይወጣል። ስለዚህ የባህሩን ሒሳብ ለሐይቁ መገልበጥ አይቻልም።

በአገራችን የካርቦን ገንዘብ ያየ ቦታ የሚፈልግ ወላይታ ሁምቦን ይመልከት። 2,728 ሄክታር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በካርቦን ፕሮጀክትነት ተመዘገበ። እዚያ ዋናው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። ቦታውን ከልለው፣ የተቆረጠው ጉቶ መልሶ ሲያቆጠቁጥ የሚረባውን እየመረጡ፣ ሌላውን እየገረዙ ነው ደኑን የመለሱት። ችግኝ ሻጭ ሆኜ ይህን መናገሬ ለገበያዬ ጥሩ አይደለም። ግን እውነቱ እሱ ነው፤ ሥሩ ያለበት ተራራ ችግኝ አይፈልግም፣ እረፍት ነው የሚፈልገው።

«የሐይቁ ጥቁር ጭቃ ለችግኝ ምርጥ አፈር ነው»

አሁን ወደ እንጀራዬ መጣን።

የጸሐፊው ክርክር እንዲህ ነው፤ የማንግሮቭ ጭቃ ለም ነው፣ የሐይቅ ጭቃም ጥቁር ነው፣ ስለዚህ የሐይቁም ለም ነው። ከማንግሮቩ ልጀምር። የማንግሮቭ ጭቃ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሰላም ነው። ቆፍራችሁ አውጥታችሁ አየር ሲነካው ግን በውስጡ ያለው የድኝና የብረት ውህድ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። የአሲድነቱ መለኪያ (ፒኤች) ከ4 በታች ይወርዳል፤ ይህም ኃይለኛ አሲድ ማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ማንግሮቭ መንጥረው ሩዝ የዘሩና የሽሪምፕ ኩሬ የቆፈሩ ብዙ ሰዎች በዚህ ከስረዋል። እንኳን ለችግኝ፣ ለሣርም አይሆን።

የሐይቃችን ጭቃ የባህር አይደለምና ያን ያህል አሲድ አይሆንም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። በጣም የላመ ሸክላ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። እንደዚህ ያለ አፈር ፕላስቲክ ውስጥ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። በማጠጫ ውሃ ታፈሱበታላችሁ። ውሃው ላዩ ላይ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ በአፈሩና በፕላስቲኩ መካከል ባለው ስንጥቅ ሾልኮ በታች ይወጣል። እናንተ «ጠጣ» ብላችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ያንን ፕላስቲክ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ላዩ ጭቃ ነው። ዳር ዳሩ ርጥብ ነው። መሐሉን በጥፍራችሁ ብትነኩት አቧራ ይበናል። ሥሩ መሐሉን ትቶ በፕላስቲኩ ግድግዳ ዙሪያ ዙሪያውን ሲሄድ ታዩታላችሁ። ያ ችግኝ በየቀኑ ውሃ እየጠጣ በጥም የሚሞት ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው፤ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንድ እፍኝ አፈር አርጥቡና በሁለት መዳፋችሁ መሐል አድቦልቡላችሁ እንደ ትል አርዝሙት። ከዚያ እንደ ቀለበት አጥፉት። ሳይሰነጠቅ ቀለበት ከሆነ ሸክላው በዝቷል፤ አሸዋ ጨምሩ። ጭራሽ አልረዝም ብሎ ከተበተነ አሸዋው በዝቷል። መርዘም ችሎ ሲታጠፍ ከተሰበረ፣ እሱ ነው።

ድብልቁም ምሥጢር የለውም። ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ፤ ሁሉም በወንፊት የተነፋ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ከፍ ማድረግ ነው። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። ኮምቦልቻ ላሉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ አሸዋ ስትገዙ ከየት ወንዝ እንደወጣ ጠይቁ። ለዮሌና ወርቃ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ወንዞች ናቸው፤ ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በጥናት ታይተውባቸዋል። ሁለቱም ቦርከናን ነው የሚቀላቀሉት። ርካሽ አሸዋ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

ጭቃው ለችግኝ ቢሆን እንኳ እኔ አላወጣውም። የሐይቁን ዳር በዶማ ስንቆፍር ፊላውና ቄጠማው ይነቀላል። ከእርሻው የሚወርደውን ደለል የሚያጣራው እሱ ነው። ጸሐፊው በአንድ ገጽ ዳርቻው ተራቆተ ብለው አዝነው፣ በሚቀጥለው ገጽ ዳርቻውን በካሪዮላ ሊያስጭኑ ነው።

ሰጋቱራ። ጥሬውን አትጨምሩ። በሰጋቱራ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ200 እጅ በላይ ካርቦን አለ። ኮምፖስት ሲጀመር የሚፈለገው ግን ከ25 እስከ 30 ነው። ሰጋቱራውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ናይትሮጅን ሲያጥራቸው ከችግኙ አፍ ይነጥቃሉ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው ይሄን አይቶ «አፈሩ ደካማ ነው» ይልና ሌላ ሰጋቱራ ይጨምራል። መላው፣ መጀመሪያ ከብት ሥር ማንጠፍ ነው። ሽንትና እበት ጠጥቶ ክረምት ከከረመ በኋላ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል።

የከሰል ድቃቂ፣ ወይም በዘመኑ አጠራር ባዮቻር። ይሄ በብዙ የሞቃት አገር የዛፍ እርሻ ላይ ውጤት አሳይቷል። ግን የት? እንደ ሱማትራ ባለ ቀይ፣ በዝናብ የታጠበ፣ አሲድ በሆነ አፈር ላይ። እዚያ አሉሚኒየም ሥሩን ይመርዘዋል፤ ከሰሉና አመዱ አሲዱን ሲያበርዱለት ችግኙ ይፈታል። በእኛም አገር አሲድ ያስቸገራቸው የጎጃምና የወለጋ አካባቢዎች ቢሞክሩት ይገባኛል። ኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ግን ዋናው ችግር አሲድ አይደለም። አሲድ ባልሆነ አፈር ላይ አመድና ከሰል ሲበዛ ብረትና ፎስፈረስ ይታሰራሉ፤ ሥሩ አጠገባቸው ሆኖ አያገኛቸውም። ደግሞስ ከሰሉ ከየት ነው የሚመጣው? ግራር አክስለን ግራር ልናፈላ ነው?

ጽሑፉ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ የሚለው የኮኮናት ገለባ ነገር ቶሎ ይለፍ። ኮኮናት እዚህ የለም። በዶላር ይመጣል። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ጨው አለበትና መታጠብ አለበት። አለቀ።

ከሌላ ቦታ ይምጣ የምለው አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከነባር ጽድ ወይም ዝግባ ሥር የተወሰደ ጥቂት የጫካ አፈር። ከሥሩ ጋር ተጋግዘው የሚኖሩ ፈንገሶች በውስጡ አሉ። ችግኙ ፎስፈረስ እንዲያገኝ ይረዱታል። ጥቂት ስል ጥቂት ነው፤ እንደ እርሾ። በመኪና የሚጭን ሰው ጫካውን እያራቆተ ነው።

«ችግኙ የሚሞተው በአፈሩ ድክመት ነው»

ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥሩ አፈር ይጠቅማል፤ ሙያዬ ነው፣ አልክድም። ግን ከጣቢያ አረንጓዴ ሆኖ የወጣ ችግኝ በበጋ ሲሞት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲኩ አፈር አይደለም።

አንደኛው ነገር ሥር ነው። ችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ሥሩ ታች ደርሶ መጠምዘዝ ይጀምራል። በዚያው ከተተከለ መሬት ውስጥም እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ዓመታት ቆይቶ ነፋስ ይጥለዋል። በታች የወጣውን ሥር በየጊዜው መቁረጥ ያስፈልጋል። በተከላ ጊዜ ደግሞ ፕላስቲኩን መቅደድ። ስንትና ስንት ችግኝ ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ አይቻለሁ! ፎቶ የሚነሱት ላዩን ነው፤ ታቹን ማን ያያል?

ሁለተኛው ማላመድ ነው። ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላው ይነሳለታል፣ ውሃው ይቀነስለታል። ጣቢያ ውስጥ በየጠዋቱ ሲጠጣ የኖረ ለስላሳ ችግኝ የጦሳን ነፋስ አይችልም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም ሥር ይሰዳል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ «ያልደረሳችሁ ተከሉ» ተብሎ የተተከለው ግን ሥር ሳይዝ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ የበልግ ዝናብ ነው። በልግ ደግሞ በወሎ ምን ያህል እንደሚታመን የወሎ ገበሬ ይንገራችሁ። ደሴ አካባቢ ከፍ ባለው ቦታ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አለ።

አራተኛው ከብት ነው። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቦታ ሱማትራም ብራዚልም የሠሩት አፈር አያድንም። አንድ ፍየል አንድ ጠዋት ይበቃታል። በዚህ ላይ ጽሑፉ ዝም ነው ያለው። ስለ ግጦሽ መጻፍ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ ስለ ኮኮናት ገለባ መጻፍ ከማንም ጋር አያጣላም።

«ባህር ዛፍ የበዛው ሕዝቡ ስላልነቃ ነው»

ሕዝቡ ነቅቷል። ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቤት የሠራው፣ ምጣድ ያሰማው፣ ልጅ ያስተማረው እሱ ነው። ደሴ ላይ ነጩ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀዩ፤ ሁለቱም ገበያ አላቸው። ምንጭ ዳርና የእርሻ ድንበር ላይ መተከሉን እኔም እቃወማለሁ። ግን አንድ ነገር ላንሳ። ባህር ዛፍ ከዘር እስከ ተከላ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይበቃዋል። ጽድና ወይራ ግን ዓመት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ዝግባማ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ለሐምሌ ተከላ አገር በቀል ችግኝ የሚፈልገው ሁሉ የሚመጣው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ለመጣ ሰው በብዛት ማቅረብ የምችለው ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። ቀበሌም ይሁን ማኅበር፣ ለመጪው ሐምሌ ወይራና ጽድ የሚፈልግ ትዕዛዙን ከግማሽ ክፍያው ጋር በመስከረም ያምጣ። እኔም ሆንኩ ሌሎቹ ችግኝ አፍዮች መደቡን ያኔ እንጀምራለን።